የታንኳው ሥዕልና የታንኳው ሠሪ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ጀልባዎች ተሳፋሪ በሚጠብቁበት የሐይቅ ዳርቻና በሆቴሎች አዳራሽ፣ ሥዕል ለመግዛት የሚፈልግ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት አንድ ዓይነት ሥዕል ነው፤ ይኸውም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቀላ ሰማይ፣ ከሰማዩም በታች ያንኑ ቅላት መልሶ የሚያሳይ ጸጥ ያለ ውኃ፣ በውኃውም መካከል አፍንጫው ወደ ላይ የቀና ጥቁር የደንገል ታንኳ፣ በታንኳውም ላይ ረጅም የቀርከሃ መቅዘፊያ የያዘ፣ ፊቱ የማይለይ፣ ጥላ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ይህን ሥዕል የገበያ ሥዕል ነው እያሉ የሚንቁ አሉ። እኔ ለመናቅ አልደፍርም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ብሩሹን አንሥቶ ታንኳን ዓመት ከዓመት፣ ወቅት ከወቅት ደጋግሞ ሲሥል እያዩ ገበያ ስላዘዘው ብቻ ነው ብሎ መፍረድ የሰውን ልብ አለማወቅ ይመስለኛል። በጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ወጣት ታንኳን የሚሥለው፣ ነፍስ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ያየው፣ የአገሩ ሰው እንጨትና እህል ሲያመላልስበት የኖረ፣ ደሴቱን ከየብስ የሚያገናኝ ነገር እርሱ ስለ ሆነ ነው። ሆኖም ያ ፊት የሌለው ሰው ያሳስበኛል። የታንኳው መስመር እስከ ጫፉ ድረስ በጥንቃቄ ሲወጣ፣ ታንኳውን የሠራውና የሚቀዝፈው ሰው ግን ጥላ ሆኖ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው?

ሠዓልያን ጀልባንና የውኃን ዳር መውደዳቸው በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ አገር ዶቢኚ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1857 አንድ ጀልባ የሥራ ቤቱ አድርጎ በወንዝ ላይ እየተጓዘ ዳርና ዳሩን ይሥል ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ክሎድ ሞኔም በ1870ዎቹ በአርዠንተይ ሲኖር ይህንኑ አርአያ ተከትሎ በሴን ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ የሥራ ቤት ነበረው። ውኃ የራሱ የሆነ መልክ ስለሌለው የሰማዩን፣ የደመናውንና የዛፉን መልክ ይዋሳልና፣ ውኃን የሚሥል ሰው በእውነቱ የሚሥለው በውኃው ላይ ያረፈውን ሌላውን ፍጥረት ሁሉ ነው፤ በዚያ ሁሉ መለዋወጥ መካከል ዓይኑ የሚያርፍበት፣ ርቀቱንና ስፋቱን የሚለካበት አንድ ነገር ቢኖረው ጀልባው ነው። ስለዚህ ሠዓሊ ጀልባን ሲወድ መለኪያውን መውደዱ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በጣና ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይረቅቃል። ይህ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሐይቅ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያንስ አይደለም፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥምና ነፋስ ቶሎ ያናውጠዋል። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የደጋውን አፈር እየጠረጉ ሲያስገቡበት የሐይቁ መልክ ወደ ቡናማነት ያደላል፤ መስከረም ጠብቶ ዝናሙ ሲያቆም ውኃው እየጠራ፣ ግራጫውም አረንጓዴውም እየተፈራረቀበት ይሄዳል። ጧት ውኃው ረግቶ ሲውል ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ቀዛፊዎችም ከባድ ጭነት ያለውን ጉዞ በማለዳ የሚጨርሱት ስለዚህ ነው። ታንኳው ራሱም ቢሆን አንድ ቀለም ብቻ ያለው አይደለም። አዲስ የታሰረው ቢጫ ሆኖ የደንገሉ አረንጓዴ ገና አልለቀቀውም፤ ጥቂት ሲሰነብት ወደ ገለባ መልክ ይመለሳል፤ ውኃ በጠጣ ቁጥር እየጠቆረ፣ እየከበደ፣ ከውኃው በላይ የሚታየው አካሉም እያነሰ ይሄዳል። ታንኳን ሁልጊዜ በጥቁር ቀለም የሚሥል ሠዓሊ ይህን ሁሉ ኅብር ሳያየው አለፈ ማለት ነው፤ ጥቁሩን የመረጠው የጀምበር መጥለቂያው ቅላት እንዲጎላለት ነውና፣ በዚያ ሥዕል ውስጥ ጌታው ሰማዩ፣ ታንኳው ግን የሰማዩ አገልጋይ ሆኖ ይቀራል።

የታንኳው አሠራር ራሱ ሠዓሊን ለብዙ ጊዜ ሊያቆየው የሚችል ጥበብ ነው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ታጭዶ በዳርቻው ይሰጣል፤ ከደረቀ በኋላ እየተመረጠ በረጃጅም እስር ይታሰራል፤ ማሰሪያውም ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከደንገሉ የተላጠ ልጥ ነው። መካከለኛው እስር የታንኳው አከርካሪ ሆኖ ሲዘረጋ በግራና በቀኝ ሌሎች እስሮች ተደርበው ጎኑን ያበጁለታል፤ አፍንጫው ተስቦ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ በውስጡም ሌላ የደንገል ንጣፍ ተነጥፎ ተሳፋሪውና ጭነቱ ከሚሰርገው ውኃ ከፍ ብለው ይቀመጡበታል። እዚህ ላይ ከእንጨት ጀልባ የሚለይበትን ነገር ማስተዋል ይገባል፤ የእንጨት ጀልባ ውኃ እንዳይገባበት ተደፍኖ ሲንሳፈፍ፣ ታንኳ ግን ውኃው በመካከሉ እየገባና እየወጣ፣ በደንገሉ ውስጥ በታመቀው አየር ኃይል ብቻ ይንሳፈፋል። ስለዚህም ሲቀደድ አይሰጥምም፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ለጥቂት ሳምንታት ካገለገለ በኋላ ውኃ ጠግቦ ይከብዳልና ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ሊሞቅ ይገባዋል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ፈርሶ በሌላ ይተካል። እንግዲህ አንድ ታንኳ ሠሪ በዕድሜው ስንት ታንኳ እንደሚሠራ ማሰብ ነው። እንደዚህ ያለ፣ እየፈረሰ እየታደሰ የሚኖር ሥራ የሚጸናው ዕቃው ስለሚጸና ሳይሆን እጁ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ነው፤ እጁ የተቋረጠ እንደ ሆነ በሙዚየም የሚቀመጥ አሮጌ ታንኳ እንኳ ብዙ ዘመን አይቆይልንም።

የዚህን ጥበብ ጥንታዊነት ለማወቅ የሩቅ አገር ሊቃውንትን መጠየቅ አያሻም፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር መልእክተኞቿን በደንገል ታንኳ በውኃ ላይ የምትልክ መሆኗን አንሥቷል፤ በኦሪት ዘፀአትም የሙሴ እናት ሕፃኗን ያኖረችበት ሣጥን የደንገል ነበር። በግብፅ አገር በጥንት ነገሥታትና መኳንንት መቃብር ግድግዳ ላይ የደንገል ጀልባዎች በብዛት ተሥለው ይገኛሉ፤ ነገር ግን ደንገሉ ራሱ ከዚያ አገር የወንዝ ዳርቻ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዚያ ሥዕሉ ቀርቶ ተክሉ ጠፋ፤ በእኛ ዘንድ ተክሉና ታንኳው እስከ ዛሬ ሲቆዩ ሥዕሉ ግን ገና በሚገባ አልተሣለም። ይህን አንጻር ደጋግሜ ባሰብሁት ቁጥር የጣና ሠዓሊ በእጁ ያለው ዕድል እንዴት ያለ እንደ ሆነ ይታየኛል፤ የፈርዖን ዘመን ሠዓሊ ያየውን ዓይነት ነገር በሕይወት ቆሞ፣ ሲቀዘፍና ሲጫን ሊያይ የሚችል ሠዓሊ በዓለም ላይ ከጥቂቶች አንዱ እርሱ ነው።

የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ታላቁን ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር የሚለውን ሐሳቡን ለመፈተን በተነሣ ጊዜ ብዙ ቶን ደንገል ያሳጨደው ከጣና ነበር። ያ ደንገል ወደ ግብፅ ተጓጉዞ በፒራሚዶቹ አጠገብ በቻድ ሐይቅ ሰዎች እጅ ታስሮ «ራ» የተባለው ጀልባ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶም ብዙ ከተጓዘ በኋላ ወደ ባርቤዶስ ሳይደርስ ፈረሰ። በዓመቱ ከቦሊቪያ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሰዎች የታሰረው «ራ ሁለት» ግን ውቅያኖሱን በ57 ቀናት አቋርጦ ባርቤዶስ ገባ፤ አሁንም በኦስሎ ከተማ በሙዚየም ይታያል። የእኛ ሐይቅ ደንገል ከሞሮኮ እስከ አሜሪካ ደሴቶች የደረሰ መሆኑን ስንቱ የባሕር ዳር ተማሪ ያውቃል? ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ግን ሌላም ነገር ይከነክነኛል፤ ደንገሉ የጣና ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ዘመን ስማቸው በዓለም የተነገረው የቻድና የቲቲካካ ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ።

ስለ ሥዕል ከተነሣ ጣና ከሥዕል ተለይቶ የማያውቅ ሐይቅ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል የሚገኘው በዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ባሳነጹት በናርጋ ሥላሴም እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር በታች ተደፍተው ተሥለዋል፤ በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በቅዱሳን ገድልና በወንጌል ታሪክ ተሸፍኗል። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ትውፊት ጀልባ እንግዳ አይደለም፤ የኖኅ መርከብ፣ ፈርዖንና ሠራዊቱ የሰጠሙበት ባሕር፣ ጌታ በባሕር ላይ ሲሄድና ጴጥሮስ ሊሰጥም ሲል እጁን ሲይዘው፣ ዮናስም ከመርከብ ሲጣል በየዘመኑ ተሥለዋል። እመቤታችንንም ሊቃውንቱ ሐመረ ኖኅ እያሉ አመስግነዋታል። በጣና ገዳማት ደግሞ ከቀደሙት ጻድቃን አንዱ ሐይቁን በድንጋይ ታንኳ ተሻገሩ የሚል ትውፊት ይነገራል። የጣና የደንገል ታንኳ ግን፣ ሠዓሊው ዕለት ዕለት የሚያየው ሆኖ ሳለ፣ በእነዚያ ግድግዳዎች ላይ ጎልቶ ተሥሎ አላየሁም። ሠዓሊው ወደ ደሴቱ የተሻገረው በታንኳ ነው፤ ቀለሙ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሸማ፣ መጻሕፍቱ፣ ዕጣኑና ዘቢቡ፣ ራሳቸው መናንያኑም ቢሆኑ የተሻገሩት በታንኳ ነው፤ ሞተር ከመምጣቱ በፊት ሌላ መንገድ አልነበረምና። በደሴቶቹ ላይ ያለው ቅዱስ ሥዕል ሁሉ በደንገል ላይ ተጭኖ፣ በአንድ ቀዛፊ ክንድ ተገፍቶ የደረሰ ነው። ቀደምት ሠዓልያን ይህን አለመሣላቸው ነቀፋ የሚሆንባቸው አይደለም፤ የተጠሩበት አገልግሎት ሌላ ነበርና። የዛሬው ሠዓሊ ግን ነፃ ነው፤ የሚሥለውን ራሱ ይመርጣል፤ ስለዚህ የመረጠውን ነገር በሙሉ እንዲያየው ብንጠይቀው አይከፋውም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ስም መረሳት ካነሣን በዚሁ በዓባይና በጣና ምድር የደረሰ አንድ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ ከቦሎኛ ከተማ የተወለደ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ዕፀዋቱንና ሌላውንም ያየውን ሁሉ በትጋት ይሥል፣ የጉዞውንም መዝገብ ይጽፍ ነበር፤ ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭም አብሮ ሄዷል፤ በ1771 ግን በጎንደር ታሞ ሞተ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ታላቁን መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረበ፤ ምንጩን የማየቱ ክብር ለእርሱ ብቻ እንዲሆንም ባሉጋኒ ከጉዞው አስቀድሞ እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። እውነቱ የወጣው ሊቃውንት የእጅ ጽሑፎቹን ከመረመሩ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሠዓሊ ሁሉ ስለ ባሉጋኒ ይቆረቆራል፤ መቆርቆሩም የተገባ ነው፤ የሠራው ሥራ ሲኖር ስሙ የተሰወረበት ሰው ነውና። እንግዲያውስ ታንኳን እየሣለ የታንኳውን ሠሪ ስም የማይጠይቅ ሠዓሊ ይህን ዓይነቱን በደል በራሱ እጅ እንዳይደግመው መጠንቀቅ አለበት።

ይህን ያልሁበት ምክንያት አለ። በጣና ዳር የታንኳን ሥራ ከሁሉ ይልቅ ጠብቀው ያቆዩት፣ ዛሬም ነገደ ወይጦ ተብለው መጠራትን የሚሹት ወገኖቻችን ናቸው። ኑሯቸው ሁሉ ከሐይቁ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ደንገል አጭደው ታንኳና ቅርጫት ይሠራሉ፣ ወፍጮ ይጠርባሉ፣ ቀድሞ ደግሞ የጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ምክንያት ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን ሲጸየፏቸው፣ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያገልሏቸው ኖረዋል፤ የራሳቸው የነበረው ቋንቋም ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከተማው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ሲኖሩበት የነበረው የሐይቅ ዳር በዋጋ እየከበረ፣ የሚያጭዱት ደንገልም በእርሻ፣ በግጦሽና በግንባታ እየተመነጠረ ይሄዳል። የታንኳው ሥዕል በአንድ ትልቅ ሆቴል ግድግዳ ላይ በክብር ተሰቅሎ ሳለ የታንኳው ሠሪ ግን በደጁ ሲያልፍ ዘበኛው የት ትሄዳለህ ብሎ የሚያቆመው ከሆነ፣ በዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፍቅር ምን ስም ልንሰጠው እንችላለን? ሠዓሊ ማኅበረሰቡን በአንድ ቀን ሊለውጥ አይችልም፤ የሚቻለው ነገር ግን አለ፤ ፊት ለሌለው ሰው ፊት ሊሰጠው ይችላል። የታንኳ ሠሪውን ጉልበት በውኃ ውስጥ፣ ጣቱን በልጡ ላይ፣ ጥርሱንም ቋጠሮውን ሲያጠብቅ፣ ስሙንም ከሥዕሉ ሥር ጽፎ ቢያሳየን፣ ፍሬ ጽዮን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በዚሁ ሐይቅ ላይ ለራሱ ያደረገውን ለሌላው አደረገለት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወንዙን ተከትለን ወደ ጢስ ዓባይ እንውረድ። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል ሲወረወር፣ በክረምት አራት መቶ ሜትር ያህል ሰፍቶ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ረጋ ብሎ በሚሄድበት ስፍራ ሰውን ከዳር ወደ ዳር የሚያሻግሩ ጀልባዎች አሉ፤ በታችም በኩል በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። ይህ ስፍራ በአገራችን በብዛት ከተሠራጩት ሥዕሎች የአንዱ ባለቤት ነው፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ይህንኑ ፏፏቴ የያዘ ነበርና፣ ኖቱ በሳንቲም እስኪተካ ድረስ ባላገሩም ከተሜውም ጢስ ዓባይን በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። የጣና ታንኳም በፖስታ ቴምብር ላይ ታትሞ በየአገሩ ዞሯል። የፏፏቴው ውኃስ ምን ሆነ? በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ1988 ዓ.ም. የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ውኃውን ከፏፏቴው አናት ወደ ራሱ ቦይ መለሰው፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራብ ውኃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት መስጠት ጀመረ። መብራቱ ለአገር ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በበጋ ወራት ወደ ጢስ ዓባይ የወረደ ሠዓሊ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የብር ኖቱን ፏፏቴ አይደለም፤ ጥቁር የገደል ግድግዳና በአንድ ወገን የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው።

በዚህ ጊዜ ሠዓሊው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ድሮ የተነሣ ፎቶግራፍ ፈልጎ ሙሉውን ፏፏቴ መሣል ነው፤ ሁለተኛው የተገለጠውን ጥቁር አለት ፊት ለፊት ተቀምጦ መሣል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ውሸት ስለ ሆነ አይደለም፤ ክረምት ሲመጣ፣ የግድቡ በርም ሲከፈት ፏፏቴው ይመለሳልና፤ ይልቁንም ደረቁን አለት ከሣለ በኋላ ክረምቱን ጠብቆ ሙሉውን ቢሥል ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ውኃው የት እንደ ሄደ ሳይጠይቅ የማያልፍ በመሆኑ ነው። እንዲሁ በሐይቁ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየውን እምቦጭ የተባለውን አረም ሊሥለው ይገባል። እምቦጭ አበባው ሐምራዊና እጅግ ያማረ ነው፤ ውበቱም ራሱ ለሠዓሊ ፈተና ነው፤ በዚያ ሐምራዊ ምንጣፍ ውስጥ አፍንጫው ተይዞ መንቀሳቀስ ያቃተውን ታንኳ ያላሳየ ሠዓሊ ጥፋቱን አስጊጦ ማቅረቡ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገቡን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ሥዕሉን ግን ፊደል ያልቆጠረውም ያየዋል።

የሞተር ጀልባን ጠልቼ የምጽፍ አይምሰልብኝ። «ጣናነሽ» እና እንደ እርሷ ያሉት መርከቦች ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ያለውን ሕዝብ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ በምጥ የተያዘች እናት ከደሴት ወደ ሐኪም ስትወሰድ ታንኳ ይዘገያል፤ ሞተሩ ይመረጣል። የእንግሊዙ ሠዓሊ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1839 ያሳየው ሥዕል በትራፋልጋር ጦርነት የተዋጋችው ቴሜሬር የተባለች ታላቅ የሸራ መርከብ በትንሽ የእንፋሎት ጀልባ እየተጎተተች ወደምትፈርስበት ስፍራ ስትሄድ የሚያሳይ ነው። ተርነር እንፋሎቱን አልረገመም፤ እንዲያውም እሳቱንና ጭሱን በታላቅ ጥበብ ሣለው፤ ነገር ግን የምትሄደው መርከብ ያለ ምስክር እንዳትሄድ አደረገ። ሥዕሉንም ዋጋ ቢቀርብለት አልሸጥም ብሎ ለአገሩ ሕዝብ ተናዘዘው፤ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይገኛል። በተርነር ሥዕል ውስጥም ሰማዩ የጀምበር መጥለቂያ ቅላት አለው፤ ቅላቱ ግን መርከቧን አልዋጣትም፤ ከነምሰሶዎቿ ነጭ ሆና ከሰማዩ ፊት ትታያለች። የባሕር ዳር ወጣት ሠዓሊ ቀዩን ሰማይ መተው የለበትም፤ ታንኳውንና ሰውየውን ግን ከጥላነት ያውጣቸው።

ይህ ሁሉ ከሠዓሊው ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ባሕር ዳር ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የክልሉ ርእሰ ከተማ የሆነች፣ የውኃ ዳሯን እያሳመረች ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ባማረው ዳርቻ ላይ ለሠዓልያን የሥራ ቤት፣ ለታንኳ ሠሪዎችም ደንገል የሚሰጡበትና የሚያስሩበት ክፍት ስፍራ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ቢሰጣቸው የሚጠይቀው መሬት ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጥቅምት ሲብት መጥተው አንድ ታንኳ ከአጨዳው ጀምሮ እስኪንሳፈፍ ድረስ ቀን በቀን እየሣሉ ቢቆዩ፣ በክፍል ውስጥ የማይገኝ ትምህርት ያገኛሉ። ከዳርቻው ጥቂት ሄክታር የደንገል ረግረግ ተከልሎ ለሚያጭዱት ሰዎች ቢጠበቅ ደግሞ ሥዕሉ የሚሣልለት ነገር ይኖራል፤ ረግረጉም የዓሣ መራቢያ፣ የወፍ ማደሪያ፣ ከየብስ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራ መሆኑን ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ስል የሚቃወመኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እንጀራ ያጣ ሰው ባለበት፣ አገርም ብዙ መከራ ባየበት ዘመን ስለ ሥዕልና ስለ ታንኳ መጨነቅ የጠገበ ሰው ነገር ነው የሚል። ለዚህ ያለኝ መልስ የታንኳ ሠሪው ራሱ ነው። እርሱ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያው ከደንገሉ ነው፤ ለእርሱ የታንኳው ክብርና የልጁ ምሳ አንድ ነገር ናቸው። የታንኳ ሥዕል በብዙ ሺህ ብር ሲሸጥ የታንኳ ሠሪው ድርሻ ምንም ከሆነ፣ ተቃዋሚው የተናገረው ሐቅ አለው። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ሠዓልያን በመካከላቸው ተስማምተው ሁለት ነገር ቢወስኑ ደስ ባለኝ፤ ታንኳው ከተሣለለት ሰው ጋር ተዋውቀው፣ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ሥዕሉ ሲሸጥ ከዋጋው የተወሰነውን ቢያካፍሉት፤ በሸራውም ጀርባ የራሳቸውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ከጻፉ በኋላ፣ ከዚያው ቀጥለው ታንኳውን ያሰረውን ሰው ስም ከነአባቱ ቢጽፉ። ለዚህ የመንግሥት ትእዛዝም ሆነ በጀት አያስፈልግም፤ ከሚቀጥለው ሥዕል ሊጀመር ይችላል።